ወደ ኋላ የማይሄድ መኪና

በኮኪት ልጄ ሹፌር ናት። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ከተማው ነው። ገበያ ስወጣ፣ "ያች ሹፌሯ ደህና ናት?" ይሉኛል፤ እኔም "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አልፋለሁ።

ልጄ መኪና መንዳት አትችልም። ብስክሌት እንኳ አንድ ቀን ሞክራ ጉልበቷን ልጣ ትታዋለች። ሥራዋ ባሕር ማዶ፣ አንድ የኦፔራ ቤት ውስጥ ሙዚቀኞችንና ዘፋኞችን መምራት ነው። ኦፔራ ማለት ሰዎቹ ነገራቸውን ሁሉ፣ ጠቡንም ፍቅሩንም ሞቱንም፣ በዘፈን የሚነጋገሩበት ቴአትር ነው። እነሱ ይዘፍናሉ፣ ይጫወታሉ፤ እሷ ከፊታቸው ቆማ በእጇና በአንዲት ቀጭን ዱላ መቼ እንደሚጀምሩ፣ መቼ እንደሚፈጥኑ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ ታሳያቸዋለች። ይህን ለመጻፍ ግማሽ ገጽ አልፈጀብኝም። ለባለቤቴ ለማስረዳት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ገብቶት እንደሆነም ሳላውቅ ሞተ።

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ያህል ትራክተር ነድቷል። ሙያው በወረቀት ላይ "ኦፕሬተር" ተብሎ ተጽፏል፤ ሹፌር ሲሉት ይቀየም ነበር። "ሹፌር መንገድ የሚከተል ነው፤ ኦፕሬተር መንገድ በሌለበት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው" ይል ነበር። እውነትም ቀጥ ይል ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በማስመሪያ የማሰምረው እንኳ እሱ በሰሊጥ ማሳ ላይ እንደሚያወጣው ትልም ቀጥ አይልልኝም። በወጣትነቱ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስለ ሠራ ትራክተሩን "ዋቡር"፣ ያለቀ ነገርን "ኸላስ"፣ የቀረውን ሁሉ "ተማም" ይለው ነበር። ተማም ደህና፣ እሺ፣ ይሁን ማለት ነው። የእሱ ተማም ግን ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው "ገብቶኛል" ነው፤ ሁለተኛው "አልገባኝም፣ ግን ይብቃን" ነው። ሁለቱን በድምፁ መለየት ሠላሳ ሦስት ዓመት አብሬው ኖሬ አልተቻለኝም። ደግሜ ብጠይቀው ደግሞ፣ "አትፈትኚኝ፣ ተማሪሽ አይደለሁም" ይለኛል።

የልጃችን ነገር የጀመረው እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ይዘምራል፤ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ የፊተኛው ሲጨርስ የኋለኛው ገና መሀሉ ላይ ነው። አንድ ቀን ልጄ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ ከሰልፍ ወጣችና ፊቷን ወደ ተማሪው አዙራ እጇን ከፍ ዝቅ ማድረግ ጀመረች። ርእሰ መምህሩ "ይህች ልጅ ምን ሆና ነው?" ብሎ ወደ እኔ ላካት። እኔም ከሰልፍ በመውጣቷ አንበርክኬ ቀጣኋት። የዚያን ቀን ግን መዝሙሩ ከፊትም ከኋላም እኩል አለቀ። እሷን ስቀጣ ይህን ልብ ብዬ ነበር፤ ሥነ ሥርዓት ሥነ ሥርዓት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ገባች። ጎንደር ላይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨርሳ አዲስ አበባ ሙዚቃ ተማረች፤ ከዚያ የትምህርት ዕድል አግኝታ ባሕር ማዶ ተሻገረች። ፒያኖ ስትማር ለጎረቤት ማስረዳት ቀላል ነበር፤ ትልቅ በገና ነው፣ ጠረጴዛ ይመስላል እላለሁ። መከራው የመጣው መምራት የጀመረች ጊዜ ነው።

ሥራ ያገኘች ቀን የደወለችው ከሰዓት በኋላ ነው። በቤታችን አካባቢ ኔትወርክ የሚይዘው ግቢው ውስጥ የቆመው ተሳቢ ላይ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ወጣ፤ ስፒከሩን ስለከፈተው እኔም ከታች ቆሜ ሰማሁ።

"አባዬ፣ ኦፔራ ቤት ገባሁ" አለች።

"ኦፕሬተር?" አለ።

"ኦፔራ፣ አባዬ። ምክትል መሪ ሆንኩ።"

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ባለቤቴ ስልኩን እንደ ያዘ ተሳቢው ላይ ቆሞ ቀረ። ሲወርድ ዓይኑ ረጥቧል።

"ኦፕሬተር ሆነች" አለኝ። "መሪ ይዛለች። እንደ አባቷ።"

በአማርኛችን መሪ የሚመራው ሰውም ነው፣ የመኪናው መሪም ነው። እንደ አስተማሪ ያኔውኑ ማረም ነበረብኝ። ፊቱን ሳየው ግን አፌ አልተፈታም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ እስኪሆን ወሬው ጋራዥ ደርሶ ነበር።

ጋራዡ ውስጥ ያከራከራቸው "ምክትል መሪ" የሚለው ነው። አንዱ፣ ሁለት መሪ ያለው የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መኪና ነው አለ። ሌላው፣ እሱ ምክትል ፍሬን እንጂ ምክትል መሪ የለውም አለ። መጨረሻ ላይ ሁለት መሪ ያለው አውሮፕላን ብቻ ነው ተባለና ልጄ ለአንድ ሳምንት ያህል አብራሪ ሆና ሰነበተች። ቀስ በቀስ ነው ወደ ሹፌርነት ዝቅ ያደረጓት።

ስልኩ በተደወለ ማግስት ከርከዴ አፍልቼ፣ ባለቤቴን አስቀምጬ ማስረዳት ጀመርኩ።

"በምንድን ነው የምትመራቸው?" አለኝ።

"በዱላ።"

"ትመታቸዋለች?"

"ማንንም አትመታም። ምት ነው የምትመታው።"

"ትመታለች አይደል ታዲያ?"

"ምት ማለት የዘፈኑ ርምጃ ነው። ስንት እንደሆኑ ታውቃለህ? ሰማንያ ይሆናሉ።"

"ሰማንያ ሰው በአንዲት ዱላ" አለና አሰበ። "ምን እያሉ ነው የሚዘፍኑ?"

"አንዲት ሴት አለች፤ ትሞታለች።"

"መድረክ ላይ?"

"በጨዋታው ነው እንጂ እውነት አትሞትም። እየዘፈነች ነው የምትሞተው።"

"ሳንባዋ ጤነኛ ነው ማለት ነው" አለ። "የኛዪቱስ? ከነሱ ጋ ትዘፍናለች?"

"አትዘፍንም።"

"ትጫወታለች?"

"አትጫወትም። እሷ ዝም ነው የምትል።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ተማም" ብሎ የትራክተሩን ጎማ ሊያይ ወጣ። የትኛው ተማም እንደሆነ እንግዲህ እግዚአብሔር ይወቀው።

እኔም ጎረቤቶቼን ለማረም ሞክሬ ነበር። "ሙዚቃ ላይ ናት" ስላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ "አዝማሪ ሆነች?" ይላሉ። "ሙዚቀኞቹን ታዛለች እንጂ አትዘፍንም" ስል ደግሞ "ኧረ፣ ከአዝማሪ ጋር ብትውልም ጸባይ አላት መቼም" ብለው ያዝኑልኛል። ሹፌርነቱ ክብር ስለነበረው ተውኩት።

ከዚያ ልጄ ለሰሊጥ አጨዳ ጊዜ እረፍት ወጥታ መጣች። ደስ ያለኝ ቀን ነው፤ የፈራሁትም ቀን ነው። ባለቤቴ እርሻ ላይ ያሉትን ሰዎች ሊያስተዋውቃት ይዟት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ለአጨዳ ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ነዶውን ይከምራሉ፤ አውድማው ዳር አንድ ትራክተር ከነተሳቢው ቆሟል። ተሳቢ የተቀጠለበትን ትራክተር ወደ ኋላ መንዳት የኦፕሬተር ፈተና ነው፤ መሪውን ወደ ቀኝ ሲሉት ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። እዚያ የነበሩት ወንዶች ተያዩ።

"እስቲ እህታችን ትመልሰውና እንይ" አለ አንዱ።

"ፈርታ ነው እንጂ ይህ ለሷ ምኗ ነው" አለ ሌላው። "የኸዋጃ አገር፣ የፈረንጅ ማሽን የለመደች።"

ልጄ አባቷን አየችው። እኔ መሬቱን አየሁ። ባለቤቴ በዕድሜው ሁሉ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ "ራሷን ታማለች" እንኳ ብሎ አያስጥላትም። ኮፍያውን ከፍ አደረገና፣

"እሷ የምትነዳው ወደ ኋላ አይሄድም" አለ። "አንዴ ከተነሣ እስኪያልቅ ወደ ፊት ነው።"



"የኋላ ማርሽ የለውም?" አለ አንዱ።

"የለውም። ቢሳሳቱም ወደ ፊት ነው።"

"እንዲህ ያለ መኪናስ ይቅርብኝ" አለ የመጀመሪያው፣ በፍርሃትና በአክብሮት። ልጄ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንቀጠቀጥ ነበር፤ አልቅሳ ይሁን ስቃ አላየሁም። እኔ ግን ያን ቀን ልቤ ተሰበረ። ይኸው ሰውዬው ልጁ ማሽን እንደምትነዳ አምኖ ማርሽ የሌለው መኪና ሠራላት አልኩ።

በነዚያ ዓመታት ሌላም ያሳሰበኝ ነገር ነበር። ያ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ይል የነበረው ትልሙ መጣመም ጀመረ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የቁርቁራ ዛፍ ያለበት ማሳ አለ፤ ዛፉ ጋ ሲደርስ ትልሙ ወደ ግራ ሄዶ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ ይመለሳል። ባለማሳው ትንሽ አጉረመረመ። እኛም እርጅና ነው፣ ዓይን ነው አልን። ባለቤቴን እያጉረመረመ ጎንደር ድረስ ወስጄ ዓይኑን አስመረመርኩት። ሐኪሙ ከላይ እስከ ታች ያሉትን ፊደሎች ሁሉ አስነበበውና "እርስዎን ምን አመጣዎት?" አለው። "ሚስቴ" አለ ባለቤቴ።

ትልሙ መጣመም ከጀመረ በሦስተኛው ክረምት መውጫ ላይ ታመመ። ወባ ነው ብለን ነበር፤ ልብ ነው አሉን። ሁለት ሳምንት አልሞላውም።

ልጄ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ለአርባው መጣች። የአርባው ቀን ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ ግቢው ውስጥ የተዋስናቸውን ሳህኖች ስናጥብ ጠየቀችኝ።

"እማዬ፣ አባዬ ሥራዬን አውቆት ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

"ነግሮሽ ነበር?"

"ነግሮኛል።"

"ምን አለ?"

"ኮርቶብሻል።"

ልጄ ሳህኑን አገላበጠችው። "ተማም" አለች። በአባቷ ድምፅ ነው ያለችው፤ ይህኛው ግን የትኛው ተማም እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ከዚያ ነገረችኝ። ያንን ሴትዮዋ እየዘፈነች የምትሞትበትን ኦፔራ፣ እስካሁን በምክትልነት ስትለማመደው የኖረችውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ትመራዋለች። ከእንግዲህ ምክትል አይደለችም፤ መውደቅም መቆምም በሷ ነው። "እሱን እያሰብኩ ነው የምመራው" አለች። "ግን እኔ ምን እንደምሠራ ካላወቀ፣ የማስበው ሰው እኔን የማያውቀኝ ሰው ነው።" በሦስተኛው ቀን ሄደች።

እኔ ውሸቴን ይዤ ቀረሁ። ልጄ መድረኩ ላይ ከመውጣቷ በፊት እውነቱን ማግኘት ነበረብኝ፤ አውቆ ከሆነ አውቋል፣ ካላወቀም አላወቀም ብዬ።

መጀመሪያ ወደ መሪጌታ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ማኅሌቱን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ የባለቤቴ ወዳጅም ነበሩ። ስለ ልጄ ሥራ ስነግራቸው በከተማው ውስጥ ያልደነገጡ ብቸኛው ሰው እሳቸው ሆኑ።

"ዱላ አልሽኝ? መቋሚያ ነዋ" አሉ። "ዜማው ምንድን ነው? ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው፣ አራራይ ነው?"

"እሱን አላውቅም፣ የኔታ።"

"ሰማንያ ሰው ሆነው ይስማማሉ?"

"ይስማማሉ ትላለች።"

"እንግዲህ ትልቅ ጸጋ ነው። እኛ አሥራ ሁለት ሆነን ቆመን አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይተኛል።"

ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ አንስቶባቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"አንድ ጊዜ፣ 'የኔታ፣ የሚመራው ሰው ራሱ ዝም ካለ ይመራል ወይ?' ብሎኛል። 'ዝም ካለማ ምኑን መራ፤ አስቀድሞ ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው' አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ተማም አለኝ።"

ከገባሁበት የባሰ ተጨንቄ ወጣሁ። ትንሽ ገብቶት የነበረውን መሪጌታ አጥፍተውበት ይሆን አልኩ።

የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ ባለቤቴ ሲደክመው የሚተካው፣ አሁን ትራክተሩን የወረሰው ኦፕሬተር። ወሎዬ ነው፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ዋቡር ላይ ብዙ ክረምት ሠርቷል። ጋራዡ በር ላይ ትራክተሩ ሥር ተኝቶ ግሪስ ሲቀባ አገኘሁት። ስለ ባለቤቴ ልጠይቅህ ነው ስለው ከሥር ወጣና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"ቲቸር፣ እኔ ስለ ሞተ ሰው ክፉ አልናገርም" አለ።

ደነገጥኩ። "ክፉ ነገር አለ?"

"ዘፈን አለ።"

ትራክተሩ ላይ ወጣና ቴፑን ነካካው። ባለቤቴ ራሱ ከመቀመጫው ኋላ ያሰራቸው ሁለት ስፒከሮች አሉ፤ የጎንደር ዘፈን ይሰማባቸዋል እያልኩ ነበር የማስበው። መጀመሪያ ቫዮሊኖች መጡ፣ ብዙ ሆነው። ከዚያ የሴት ድምፅ። አወቅሁት። ልጄ የልምምድ ቀን ቀድታ በቴሌግራም የላከችልኝ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ለባለቤቴ ባሰማው "ተማም" ብሎ ነበር። ለካ ስልኬን ሞባይል ቤት ወስዶ ፍላሽ ላይ አስገልብጦታል።

"ሦስት ክረምት ነው የሰማሁት" አለ ወሎዬው። "እኔ ዘፈን የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ይቺ ሴትዮ ትሞታለች። ከወዲህ ካለው ቦይ ተነሥተን እስከ ቁርቁራው ድረስ ትሞታለች። ስንመለስም ገና አልሞተችም። 'ጋሼ፣ ምን ሆና ነው?' እላለሁ። 'ታገስ፣ አንድ ይቀራታል' ይሉኛል።"

"ሌላስ ምን ይል ነበር?"

"ምን ያላሉት አለ። ይሄ እንዲህ የሚለው ምንድን ነው፣ ያ የሚያንቧቧው ምንድን ነው እያሉ እኔን ይጠይቁኛል፤ እኔ ምን አውቄ። አንድ ቀን ታከተኝና 'ከነዚህ ውስጥ ልጅዎ የትኛዋ ናት?' አልኳቸው። 'የማትሰማዋ' አሉኝ።"

የጋራዡ በር ላይ የተገለበጠ ጎማ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጥኩ።

"አሁን ይስሙት" አለ። "እዚህ ጋ ሁሉም ጸጥ ይላል። ይኸው ጸጥ አለ። ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ መሪውን ይለቃሉ።"

"ይለቃሉ ማለት?"

"መሪውን ለቅቀው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ያነሣሉ። ሁልጊዜ ቁርቁራው ጋ ነው። ዋቡሩ ወደ ግራ ይሄዳል። እኔ ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ ተቀምጬ 'ጋሼ መሪው፣ ጋሼ መሪው' እላለሁ። 'መሪው እኔ ነኝ፣ አንተ ዝም በል' ይሉኛል። ከዚያ እጃቸውን ወደ ታች ሲያደርጉት ከበሮው ይመጣል፤ መሪውን ይይዛሉ፤ እንመለሳለን። እርስዎ ደግሞ ዓይናቸውን ሊያስመረምሩ ጎንደር ወሰዷቸው።"

ሳቅሁ። ከቀብሩ በኋላ የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ አፌን በነጠላዬ ይዤ፣ ጎማው ላይ ተቀምጬ። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሰዎች ቲቸር አበደች ሳይሉ አልቀሩም።

"ታዲያ ለሰው ለምን አልተናገረም?" አልኩት ሳበቃ። "ሹፌር ናት እያሉ ሲያወሩ ለምን ዝም አለ?"

"ጋሼ ሹፌር ናት ብለው አያውቁም። 'መሪ ናት' ነው ያሉት። የሰማው ሰው እንደገባው ሰማ።"

"ለእኔስ?"

ወሎዬው ፊቱን ወደ ግሪሱ መለሰ። "'ገና እያጠናሁ ነው' ነበር የሚሉ። 'በደንብ ሳልይዘው ብነግራት ትፈትነኛለች፤ ስጨርሰው እነግራታለሁ' ብለውኛል።"

ወደ ቤቴ እንዴት እንደ ሄድኩ አላስታውስም። በመንገድ ላይ ማርሽ የሌለውን መኪና አስታወስኩ፤ አንዴ ከተነሣ እስኪያልቅ ወደ ፊት ነው፣ ቢሳሳቱም ወደ ፊት ነው ያለውን። ከኔ ቀድሞ ገብቶት፣ ከኔ አሳጥሮ አስረድቶ ነበር። የሚፈተነው ሰው እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ወሎዬውን ከነፍላሹ ግቢያችን አስመጣሁትና ሁለታችንም ተሳቢው ላይ ወጣን። እሱ እያፈረ ነው የወጣ። ለልጄ ደወልኩና መጀመሪያ ውሸቴን ነገርኳት። "አውቄያለሁ" አለች። ከዚያ የሰማሁትን በሙሉ ነገርኳት፤ የማትሰማዋን፣ ቁርቁራውን፣ እጁን፣ "መሪው እኔ ነኝ" ያለውን።

"እማዬ" አለች፣ "እጁን የሚያወርደው ትክክል የቱ ጋ ነው?"

ይዘን በወጣነው ሬዲዮ ፍላሹን ከፍተን አሰማናት። ወሎዬው ትንፋሹን ይዞ ጠበቀና "አሁን" አለ።

"አሁን?"

"አዎ፣ እዚህ ጋ። ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።"

ልጄ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ከዚያ በሥራዋ ድምፅ፣ "ቀድሟል" አለች። "ከበሮው የሚገባው ከአራት ቆጠራ በኋላ ነው። እሱ ሁለት ሳይሞላ ነው ያወረደው።"

ወሎዬው ተቀየመ። "ዋቡር ላይ ናቸው እኮ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ እሷ እንዳትሰማ። "ይንገሯት እንጂ።"

"ሁልጊዜም ይቀድማል" አልኳት። ሽማግሌ ወደ አባቴ ቤት የላከ ዕለት ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ ደርሶ፣ ደጃፋችን ላይ ቆሞ የጠበቃቸው ሰው ነው። አሁንም ቀደመኝ። ይህን የኋለኛውን አላልኳትም።

ልጄ ኦፔራውን በመራች ማግስት ደወለች። ወጥቶላታል። ሰዎቹ ተነሥተው አጨብጭበዋል፤ ለሚቀጥለውም እንድትመራ ጠይቀዋታል። እኔ ግን መስማት የፈለግሁት ያንን ቦታ ነው።

"ሁሉም ጸጥ አለ" አለችኝ። "ሰማንያ ሰው እጄን ያያል፤ ሴትዮዋ እየሞተች ነው። አንድ ብዬ ቆጠርኩ። ሁለት ስል እጄ ሊወርድ ነበር፤ ያዝኩት። አራት ሞላሁና ሰጠኋቸው። በኋላ ከበሮ መቺው መጥቶ፣ 'ሰው እየሞተ ምን አሳቀሽ?' አለኝ። 'የአባቴ ትራክተር ወደ ግራ ሄዶ ነው' አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"በቋንቋቸው ተማም አለ።"

"የትኛውን?"

"ሁለተኛውን" አለች።

ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ገባ። ባለፈው ሳምንት ማሳው ሲታረስ ለማየት በእግሬ ወጣሁ። ወሎዬው ጥሩ ያርሳል፤ እንደ ባለቤቴ ባይሆንም ትልሙ ቀጥ ይላል። ቁርቁራው ጋ ሲደርስ ግን ወደ ግራ ሄዶ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ ይመለሳል፤ እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው። ቴፑ ተዘግቷል።

ዳር ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

"ይህን ለምን አላቀናኸውም?" አልኩት።

ዛፉን ዞር ብሎ አየውና ኮፍያውን አወለቀ።

"እኔ ምን ላድርግ ቲቸር" አለኝ። "ዋቡሩ ለምዶታል።"